አንዲት የተዘጋች ጣቢያ በ1 ለ 50

ጥቅምት

ሥራው ተጀምሯል። ከድሬዳዋ ወደ ሚኤሶ በሚሄደው አሮጌ የባቡር መስመር ላይ ያለች አንዲት ትንሽ የገጠር ጣቢያ በሞዴል እየሠራሁ ነው። ቤቷን፣ የውሃ ጋኗን፣ ሃዲዷን፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ሜዳ። ስሟን ሆን ብዬ አልጽፍም። ገና ያልተነቀለ ብረት አላት። ስሟ ከተሰማ ቁራሌው ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል።

ልኬቱ 1 ለ 50 ነው። ያስመረጠኝ ሃዲዱ ነው። የድሮው መስመር በሁለቱ ሃዲድ መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነው። ለ50 ሲካፈል 2 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እንዲህ ያለ ቀና ቁጥር ሲገኝ አይከራከሩትም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ሙሉውን ልሥራ ብል ከ15 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጠረጴዛ ያስፈልገኛል። እሱን ለሌላ እብድ ትቼዋለሁ። የእኔ ሰሌዳ 2 ሜትር ነው፤ በእውኑ 100 ሜትር መሆኑ ነው።

ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ አንድ ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው። ከሰዓት ለበርጫ ሲመጡ ኮምፔንሳቶውን አዩና «ቤቱን ነው ወይስ ጣቢያውን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። «ሁለቱም አንድ አይደሉም ወይ ጋሼ?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ትራሳቸውን አመቻችተው ተቀመጡ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ልኬት

መጀመሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ከሌላ ቢሮ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ያኛው ቢሮ ደግሞ ከመጀመሪያው ፈቃድ ካላመጣህ ደብዳቤ አንጽፍም አለ። ደግነቱ ከውጭ መለካትን የሚከለክል ሰው የለም። ሜትሬን፣ ደብተሬንና የእህቴን ልጅ ይዤ በአይሱዙ ጋቢና ሄድኩ።

ቤቷ ርዝመቷ 14 ሜትር፣ ወርዷ 6 ሜትር ነው። የድንጋይ ግንብ። የግድግዳው ውፍረት ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ለምን እንደወፈረ ጥላው ሥር አንድ ደቂቃ የቆመ ሰው ይገባዋል። ፊት ለፊት በረንዳ አላት። የቲኬት መስኮቱ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል። ውስጡ የከብት መኖ ተቀምጧል። በሌላኛው ክፍል አንድ ቤተሰብ ይኖራል። በረንዳው የፍየሎቹ ነው። አባወራው ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዙልን። ሻይ አስፈሉ። ስለ ፈቃድም አልጠየቁንም።

ሃዲዱ ሁለት ረድፍ ነበር። ዋናው በከፊል አለ። ሁለተኛው ተነቅሎ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው። ለሞዴሉ ይህ ሁለተኛው ረድፍ ወሳኝ ነው። መስመሩ ነጠላ ነበርና ከፊትና ከኋላ የሚመጡ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ወደ ጎን ገብቶ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል። የጣቢያው ሹም ከሚቀጥለው ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ መስመሩ ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይለቅም። ስለዚህ በረሃ መሃል ማንም የማይወርድበት ቦታም ቢሆን ጣቢያ ያስፈልግ ነበር።

መስመሩ ለምን በቆላው በኩል ሄደ ለሚል፤ አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ኢንጂነር አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኔ ፈቃዱን ሲሰጡ የመጀመሪያው ግብ ሐረር ነበረች። ግን ከቆላው ወደ ሐረር መውጣት ቀልድ አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ምክንያቱን በጆሮው ያውቀዋል። ኩባንያው ተራራውን ትቶ ሥሩን ያዘ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደረሰ። ቦታውንም አዲስ ሐረር አሉት። የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ከዚያ ገንዘብ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። ድሬም ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። መጋዘኑ፣ የጥገና ጋራዡ፣ የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ፣ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሕንዱና የየመኑ ሱቅ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው። ሁለተኛው ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእኛ ትንሽ ጣቢያ ከዚህኛው ክፍል ናት። የድሬዳዋ ታናሽ መሆኗ ነው።

ኅዳር፣ ሃዲድ

ይህን ክፍል በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ሊሠራ የሚፈልግ ካለ ይጠቅመዋል።

ለሞዴል የተሠራ ሃዲድ እዚህ አይገኝም። ከውጭ ማስመጣቱም ኪስ ይጎዳል። የጃንጥላ ዘንግ ሞከርኩ። የተሰበረ ጃንጥላ በድሬ ፀሐይ ሞልቷል። ዘንጉ በውስጡ ቦይ ያለው ቀጭን ብረት ነው። ቦዩን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከላይ ሲታይ ቁመቱም ውፍረቱም ለ1 ለ 50 ይቀርባል። የመጀመሪያው መስመር ሃዲድ ቀጭን ነበር፤ በሜትር 20 ኪሎ ብቻ የሚመዝን። ስለዚህ ወፍራም ሃዲድ ብሠራ ይዋሻል።

ከሃዲዱ ሥር ያለው አግዳሚ በዚህ መስመር ላይ ብረት ነው። እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰው ነበር። ከምስጥ የተረፈውን ደግሞ ፀሐዩ ይሰነጥቀዋል። ብረቱ እንደ ተገለበጠ ገንዳ የታጠፈ ነው። እኔ ከኒዶ ቆርቆሮ እየቆረጥኩ በፒንሳ አጠፍኩት። እያንዳንዱ 3 ሴንቲ ተኩል ርዝመት አለው። አሰልቺ ሥራ ነው። ሬዲዮ ከፍቶ፣ ሻይ ይዞ፣ አእምሮን ሌላ ቦታ ልኮ መሥራት ይሻላል። ጠርዙ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጉ።

ማያያዣው ስታኞ ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ብረትን ከብረት የሚያጣብቀው። ሙጫ ሞክሬ ነበር፤ በቀን ሙቀት ይለቃል። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ካላነሱት ስታኞው አይዝም። የእህቴ ልጅ ከቁራጭ እንጨት ልክ 2 ሴንቲ የሆነ መለኪያ ሠራልኝ። ሃዲዶቹ መሃል እያስገባሁ እበይዳለሁ። መለኪያው ሳይጨናነቅና ሳይላላ ማለፍ አለበት። ልጁ ከእኔ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ «ይሄ ላላ፣ ፍታው» ይለኛል። አቦ፣ ተቆጣጣሪ ሳልቀጥር አገኘሁ።

ቀለሙ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) ላይ ትንሽ ጥቁር የተጨመረበት ነው። የዛገ ብረት መልክ በራሱ ይመጣል።

ኅዳር መጨረሻ፣ የውሃ ጋን

የቱና ቆርቆሮ። ስፋቱ 8 ሴንቲ ተኩል ነው፤ በ50 ሲባዛ 4 ሜትር ከሩብ ይሆናል። ለጋኑ ልክ ነው። ሥሩ የድንጋይ መቆሚያ አለው። እሱን ከጄሶ ሠራሁት።

ጋሼ በዚህ ቀን ብዙ ተናገሩ። የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በእንፋሎት ነበር የሚሄዱት። እንፋሎት ማለት እሳትና ውሃ ነው። የሚቃጠለውን ይዞ መሄድ ይቻላል። ውሃው ግን በየመንገዱ ያልቃል፤ መሙላት የግድ ነው። በቆላ ውስጥ ደግሞ ውሃ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ጋን የትም አይተከልም፤ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ያለበት ቦታ ይፈለጋል። ባቡሩ ለራሱ ሲል ያወጣውን ውሃ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ውሃ ካለ ሰው ይሰፍራል። ሰው ከሰፈረ ሻይ ቤት ይከፈታል። «ቤቱን የተከልነው እኮ ውሃው ስላለ ነው» አሉኝ ጋሼ። ጥቅምት ላይ የጠየቁኝን ያኔ ገባኝ። ቤቷ ቢሮ ናት። ጣቢያው ግን ውሃው፣ ሃዲዱና የሚጠብቀው ሰው ነው።

በ1940ዎቹ ናፍጣ ባቡር መጣና እንፋሎቱን ተካው። ናፍጣ ባቡር እንደዚያ ውሃ አይጠጣም። በሥራ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ያኔውኑ ምክንያታቸው ቀንሶ ነበር። ግን ሰዉ ሰፍሯል። ገበያው ቆሟል። ባቡሩም መቆሙን ቀጠለ።

በዚህ ምክንያት ሰሌዳውን እንደገና ከፋፈልኩት። ቤቷ መሃል ነበረች፤ ወደ ጥግ ገፋኋት። መሃሉን ለጋኑና ለሜዳው ሰጠሁት።

ታኅሣሥ

ሥራ የለም። ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19ን ተከትሎ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ሰሌዳው አልጋ ሥር ገብቷል። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ከአዳማ የመጡ እናት፣ ልጅ ሆነው ለስለት በባቡር ሲመጡ ፉርጎው ውስጥ ሌሊቱን በመዝሙር እንዳለፉ አጫወቱኝ። ድሬ ወርደው ከዚያ በመኪና ወደ ቁልቢ። የወረዱበት ባቡር ምን ቀለም ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እግሬን የምዘረጋበት ነው እንጂ ቀለሙን ማን ያያል?» አሉኝ። ይበቃል።

ጥር፣ ግድግዳ

ካርቶን ላይ ጄሶ። ሳይደርቅ በሚስማር የድንጋዩን መገጣጠሚያ መጫር። በድሬ ጄሶ ቶሎ ይይዛል፤ ውሃ እየረጩ በትንሽ በትንሹ መሥራት ነው። ለጣሪያው የለስላሳ ጣሳ ቆርጬ በማበጠሪያ ጥርስ ላይ አሸሁት። ቆርቆሮ መስሏል። የመስኮትና የበሩ ነገር ቀላል ነው፤ አልደክምበትም።

ጋሼ በጥር ብዙ አያወሩም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ባቡር ድልድይ ላይ ከሃዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይህንን የነገሩኝ ቆጥበው ነው። እኔም አላስጨነቅኳቸውም። ባቡሩ በአንድ ቀን ሞተ የሚል ሰው ካለ ግን ይህን ያንብብ። ጦርነት፣ አደጋ፣ ያረጀ ሃዲድ፣ መለዋወጫ የሌለው ሞተር፣ ጎን ለጎን የሚሮጥ የጭነት መኪና። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰዱለት። በስተመጨረሻ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ያለው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ወደ ጅቡቲ ያለው እያነከሰ ትንሽ ቆየ።

የካቲት፣ የትኛው ዓመት?

ሞዴል ዓመት ይፈልጋል። ሣሩ፣ ቀለሙ፣ የሰዉ ልብስ፣ ሁሉም በዚህ ይወሰናል። ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ።

ጋሼ የንጉሡን ዘመን ይፈልጋሉ። ግድግዳው የተቀባበት፣ ሹሙ ኮፍያ ያደረገበት፣ ሰዓቱ የሚሠራበት። የእህቴ ልጅ የዛሬውን ይፈልጋል፤ ፍየሎቹም በረንዳው ላይ ይሁኑ ይላል። በዚያ ላይ አዲሱን ባቡር እናስገባ አለ። እሱን እንኳን በቁጥር መለስኩለት። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሃዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ተኩል ነው። በእኛ ልኬት 2.87 ሴንቲ። ጃንጥላችን ላይ አይወጣም። ደግሞም በዚህ አያልፍም። መስመሩ ሌላ ነው። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ራሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ለመሳፈር መጀመሪያ መኪና መሳፈር አለብህ። የድሮው ለገሃር ግን ከከዚራ በእግር ይደረሳል። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ክርክር የለኝም። ግን ለገበያ ሴት አልተሠራም። በየመንደሩ ቆሞ ወተት የሚጭን ባቡር አይደለም።

እኔ የመረጥኩት 1980ዎቹን ነው። ባቡሩ ያረጀበት፣ ገበያው ግን የደመቀበት ጊዜ። ጋሼ ቅር ብሏቸዋል። «ድህነታችንን ልታሳይ ነው» አሉኝ። ሥራችሁን ነው የማሳየው አልኳቸው። ገና አልታረቅንም፤ በርጫው ግን አልተቋረጠም።

መጋቢት፣ ሜዳው

አሸዋው ከድሬው ደረቅ ወንዝ፣ ከደቻቱ ነው። በሻይ ማጥለያ ነፍቼ በውሃ የቀጠነ ቪናቪል ላይ በተንኩት። ግራሩን ከተፈታ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከተቀደደ ስፖንጅ ሠራሁ። ዛሬ እዚያ ያለው ፕሮሶፒስ የሚሉት መጤ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ ሃዲዱን እየበላ ነው። ግን በመረጥኩት ዓመት እንደዚህ አልነበረም ስላሉኝ ተውኩት።

ሰዎቹ 3 ሴንቲ ያህል ናቸው። ሽቦ ላይ ጨርቅ። ለወንዶቹ ሽርጥ፣ ለሴቶቹ ድሪያ፣ ቀለሙ ደማቅ። የሞዴሉን ፎቶ በስልኬ አንስቼ እንደገና ወደ ጣቢያዋ ሄድኩ። በዚያ ዘመን ትነግድ የነበረች ሰው ፈልጌ። አንዲት አዴ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ አገኘሁ። ወተትም፣ እንቁላልም፣ ሌላም ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ዛሬ አስፋልቱ ዳር ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣሉ። ገበያው ወደዚያ ሄዷል፤ መኪናው የሚቆመው እዚያ ነው።

ፎቶውን አይተው ሳቁ። ሴቶቹን በረንዳው ፊት ደርድሬያቸው ነበር።

«እዚህ ማን ይቀመጣል ልጄ? እዚህ እኮ ፊናንስ ነው የሚቆመው።»

እንግዲህ ፊናንስን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ከጅቡቲ የሚመጣውን ሩዝ፣ ሽቶ፣ ሳልባጅ፣ ሬዲዮ፣ የዱቄት ወተት የሚያሳድደው የጉምሩክ ጠባቂ ነው። ወተት፣ እንቁላልና ብርቱካን የሚሸጡት ጋኑ አጠገብ፣ ከጥላው ሥር ይቀመጡ ነበር። ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ሥር ይሮጣሉ። ሌላኛው ንግድ ግን ጣቢያው ውስጥ አይደለም። ባቡሩ ጣቢያው ሳይደርስ ኩርባዋ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ከመስኮቱ ጆንያ ይወረወራል። ልጆች ቁጥቋጦው ውስጥ ይጠብቃሉ። አንስተው ይሮጣሉ። ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ፊናንሱ የሚያገኘው እግሩን ዘርግቶ የሚያዛጋ መንገደኛ ነው። አንዳንዴም ፊናንሱ ቀድሞ ኩርባው ጋ ይደበቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ከባቡሩ ውስጥ በፉጨት ምልክት ይሰጣል። አዴ ይህን ሲያወሩ እጃቸው ሁሉ ይወረውራል።

«ልጆቼን ያስተማርኩት በዚያ ኩርባ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳምቡሳ የሚገዛ ሰው መጣና ተነሱ።

ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁ። ኩርባዋ ከጣቢያው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በልኬት 10 ሜትር። ሳሎኔ፣ ጓዳዬና በረንዳዬ ተደምረው አይበቁም። ስለዚህ ርቀቱን አሳጥሬ ሌላ 60 ሴንቲ ሰሌዳ ለመጨመር ወሰንኩ። የሞዴል ሠሪ መብት ነው። ከፍታውንና የሃዲዱን ስፋት አልነካም፤ ባዶ ሜዳውን ብቻ እቀንሳለሁ።

መጋቢት መጨረሻ

አናጢው አዲሱን ሰሌዳ ቆርጦ ሰጠኝ። ሁለቱን በቡሎን ነው ያያያዝኳቸው። ሲንቀሳቀስ ይፈታል፤ ባጃጅ ላይ አንድ ላይ አይገባም። ኩርባው ላይ የጃንጥላውን ዘንግ ማጠፍ ከባድ ሆነ፤ ቦዩ ይጨፈለቃል። መፍትሔው ቦዩ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ቀስ እያሉ በክብ ጣሳ ላይ ማጠፍ ነው። ሽቦው ኋላ ይወጣል።

ባቡር አደርጋለሁ አላደርግም የሚለውም እዚህ ተፈታ። ሙሉ ባቡር የለም። ኩርባዋ ላይ አንድ ፉርጎ ብቻ ይኖራል፤ ከሰሌዳው ጫፍ ግማሽ አካሉ የገባ። ከመስኮቱ አንድ እጅ ወጥቷል። ጆንያው አየር ላይ በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ተንጠልጥሏል። ልጆቹ ሦስት ናቸው። ፊናንሱ በረንዳው ላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ቆሟል። ጋሼ ፊናንሱን አይተው «ኮፍያው ልክ አይደለም» አሉ። የትኛው ኮፍያ ልክ እንደሆነ እሑድ ሊያሳዩኝ ነው፤ ፎቶ አላቸው። እስከዚያ የፉርጎውን ጎማዎች ከድሮ የኮት ቁልፍ እየሞረድኩ ነው።